ሳይረጩ የቀሩት መስመሮች

ውድ አክስቴ፣

የዓይንሽ ፋሻ እስኪፈታ ማንበብ እንደማትችይ አውቃለሁ። ልጅሽ ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ አደራ ብዬዋለሁ፤ እንደ ልማዱ እየዘለለ ካነበበ በከዘራሽ ነካ አድርጊልኝ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅጠል ቀቅዬ፣ ከዚንክ ጋር አዋህጄ፣ ለሰብል በሽታ መድኃኒት የሚሆኑ፣ በዓይን የማይታዩ ናኖ ቅንጣቶች እንደምሠራ የነገርኩሽ ቀን ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። "ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ተምረሽ ቅጠል ቀቃይ ሆንሽ?" አልሽኝ። ስሙ እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም። ስንዴሽን ግን ሰጠሽኝ። ያ ቅጠሉን ቢጫ እያደረገ የሚያደርቀው የባክቴሪያ በሽታ የሰፈሩን ማሳ ሁሉ ሲያዳርስ፣ ለሙከራ መሬት የሚሰጠኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓመት ትዝ ሲለኝ አሁን እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አልቅሻለሁ። ግማሹን ረጭቼ ግማሹን ለማነጻጸሪያ ሳልረጭ ተውኩት። አንቺ ዞር እስክል ጠብቀሽ በተረፈው መድኃኒት ሁሉንም አዳረስሽው! "እነዚያስ የእንጀራ ልጆቼ ናቸው እንዴ? እያየኋቸው ይሙቱ?" አልሽ። ማሳው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። አለቃዬ "ሁሉም ከዳነ፣ ያዳነው መድኃኒቱ መሆኑን በምን እናውቃለን?" አለና አንድ ዓመት ብቻ ጨመረልኝ። ያም ካልተሳካ ሥራው ሊዘጋ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እጅሽን ሰበሰብሽ። ያልተረጩት መስመሮች እያየሻቸው ቢጫ ሆኑ። ጎረቤቶችሽ "መድኃኒት እቤቷ አስቀምጣ እህሏን ትገድላለች" እያሉ አሙሽ። ውሃ ለመቅዳት ስትሄጂ እንኳ በማሳው ማለፍ ትተሽ ዙሪያ ጥምጥም ትሄጂ ነበር። አንድ ጠዋት መድኃኒቱ ያለበትን የመጋዘን ቁልፍ በእጄ አስጨብጠሽኝ፣ "አንቺው ጋ ይሁን፣ እኔ ራሴን አላምነውም" አልሽኝ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ያን ቀን ያላልኩሽን ዛሬ ልበልሽ፤ አመሰግንሻለሁ፣ አክስቴ። አንጀትሽ እየተቃጠለ ስለቻልሽልኝ አመሰግንሻለሁ።

አጨዳው ሲደርስ አለቃዬ መጥቶ መሀል ላይ ቆመ። በአንድ ወገን ፍሬው የሞላ ዛላ፣ በሌላው ወገን ገለባ። ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም። ሥራው ቀጠለ፤ ዘንድሮ ሌሎች ገበሬዎችም ለሙከራ መሬት ሰጥተውናል፣ ሲያሙሽ የነበሩት ጭምር።

በአንቺ ማሳ ላይ ግን ሙከራው አብቅቷል። ትናንት ልረጭ ስወጣ የጀመርኩት አምና ሳይረጩ የቀሩት መስመሮች ከነበሩበት ነው። ፋሻሽ ተፈቶ ከሐኪም ቤት ስትመለሺ በማሳው መሀል አቋርጠሽ ግቢ፤ ከእንግዲህ አትዞሪም።

ቅጠል ቀቃይሽ