በጎሾቹ ስታዲየም ያለው የብረት በር

ሆሎዌይ፣ ለንደን
መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለብፅዓት፣

የዚያ አገር ሙቀትም ዝናብም እንዳይከብድሽ እየለመንኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ሐኪሙ ያዘዘላትን እንቅስቃሴ ሥሪ ስላት «ልጄ ስትመጣ ታሸኛለች» ብላ ትዘጋኛለች። ለመስቀል ቤተ ክርስቲያን ሄደን ስላንቺ ያልጠየቀን የለም። ኢንዶኔዥያ ሄዳ የኳስ ተጫዋቾችን እግር ታክማለች ስላቸው ግማሹ ይደነቃል፣ ግማሹ ደግሞ «እዚህ ለንደን እግር ጠፍቶ ነው?» ይላል።

በስልክ መነጋገር እየቻልን ወረቀት መያዜ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልክ ሲሆን እናትሽ ስፒከር ላይ አድርገው ትላለች፣ እኔም በሷ ፊት የማልናገረው አለኝ። ጽፌ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና አልገባኝም የሚል ሰበብ አልቀበልም።

ብፅዓቴ፣ ፈርቻለሁ። ስለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጨዋታ ፈርቻለሁ። ከተነሣሁ እስክተኛ ከሱ ሌላ የማስበው ነገር የለም።

አባቴ ስለ ክለቡ ምን ያውቃል እንዳትይ። ከሄድሽ ጀምሮ ስለ ፐርሲካሊ ያላጠናሁት የለም። አንቺ የነገርሽኝን ሁሉ በደብተር ጽፌዋለሁ፣ የቀረውን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ኮምፒውተሩ እያስተረጎመልኝ አነበብኩ። በሆላንዶች ዘመን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1931፣ የስኳር ፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች ያቋቋሙት መሆኑን አውቃለሁ። ስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው «ፐር» ማኅበር ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። ሆላንዶቹ በሣር ሜዳ ሲጫወቱ የኛዎቹ ሸንኮራው በታጨደበት ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ነበር የሚጫወቱት። ጉቶው እግራቸውን እየቀደደ። «ጎሾቹ» የሚለው ቅጽል የወጣላቸውም ያን ጊዜ ነው አልሽኝ፤ ጎሽ በጭቃም በእሾህም ሳይል ስለሚሄድ። እዚህ ላይ «የኛዎቹ» ማለቴን እናትሽ ብትሰማ ትስቅብኛለች፤ ተለክፈሃል ትለኛለች።

የውድድሩ ዘመን ሲከፈት ያንን እንደ ተራራ የሾለ ቢጫ ሩዝ ስትበሉ የላክሽልኝን ቪዲዮም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጫፉ ተቆርጦ የሚሰጠው ለተከበረ ሰው ነው አይደል? ለሠላሳ ዓመት የተጫዋቾቹን ልብስና ጫማ ሲይዝ የኖረው ፓክ ሱርዮ በየዓመቱ የሱ የሆነውን ጫፍ ዘንድሮ አንሥቶ ላንቺ ሲሰጥሽ እኔ እዚህ ሆሎዌይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ፓክ ማለት እንደኛ ጋሼ ነው ስላልሽኝ፣ ከኔ በኩል ጋሼ ብለሽ እጅ ንሺልኝ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ያ ከብረት ማማ ላይ ወጥቶ ደጋፊውን የሚያዘምረው ጎልማሳ ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጀርባውን ለኳሱ፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ። «ዳዲ፣ ልክ እንዳንተ» ብለሽ ሳቅሽ። እውነትሽን ነው። እኔም ከቤታችን አጠገብ ያለው ስታዲየም ውስጥ ያንን ብርቱካናማ ጃኬት ለብሼ ስቲዋርድ ሆኜ ስቆም አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድም ጎል በዓይኔ አላየሁም። ጎል የማየው ሰው ፊት ላይ ነው። እሱ ግን ለሰው ዜማ ይሰጣል፣ እኔ በር ነው የምጠብቀው። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው በሮች ሁሉ ወለል ብለው ይከፈታሉ። የበሩ ሰው ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ከበሩ አይነቃነቅም።

ባለፈው መጋቢት ለደርቢው ወደ ባላጋራችሁ ከተማ ስትሄዱ የፖሊስ ብረት ለበስ መኪና ውስጥ ከተጫዋቾቹ መሐል ተቀምጠሽ የተነሣሽውን ፎቶ ላክሽልኝ። ሁላችሁም ትስቃላችሁ። እዚያ የተለመደ ነው፣ እንግዳው ቡድን በአውቶቡስ ከሄደ ድንጋይ ይዘንብበታል አልሽኝ። ፎቶውን አብሮኝ ለሚሠራው ለጋሽ ተስፋጋብር አሳየሁት። እሱ ጦርነት ያየ ሰው ነው፣ መነጽሩን አውልቆ ተመለከተና «አቶ መኩሪያ፣ ይህ እንኳ የሚሳቅበት መኪና አልነበረም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም።

የቅዳሜው ጨዋታ ግን በሜዳችሁ ነው፤ በብረት ለበስ የሚመጡት እነሱ ናቸው። የባላጋራ ደጋፊ እንዳይመጣ ስለተከለከለ ምንም አይፈጠርም አልሽኝ። ልጄ፣ አምና በማላንግ ከተማ ያ መዓት ሲወርድስ እንግዳ ደጋፊ ነበረ? አልነበረም። ያለቁት የቤቱ ልጆች ናቸው። አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ሁሉም ወደ መውጫው ሮጠ፣ ከበሮቹ አንዳንዶቹ ዝግ ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ትንሽ ብቻ ተከፍተው ነበር። ከመቶ ሠላሳ በላይ ሰው ሞተ። እሑድ ዓመት ይሞላዋል። ያ አደጋ በደረሰ በነጋታው ሥራ ገብቼ፣ ጋሽ ተስፋጋብር ሲያየኝ የቆምኩበትን በር መንጠቆ እየነካካሁ ነበር አሉ። እኔ አላስታውሰውም።

ይህን ፍርሃቴን ባለፈው እሑድ በስልክ ስነግርሽ ልታጽናኚኝ ብለሽ የነገርሽኝ ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሣኝ። የሕክምና ክፍልሽ ሁለት በር አለው አልሽ። አንዱ ወደ ተጫዋቾች መተላለፊያ፣ ሌላው የብረት በር ደግሞ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በሚቀመጥበት በምሥራቁ መደብ ሥር ወዳለው መውጫ። የብረት በሩ ቁልፍ ዘንድሮ ላንቺ ተሰጠ። በደርቢ ቀን መቆለፍ የቆየ ልማድ ነው አልሽ። ከዚያ እንዲህ አልሽኝ፦ «ዳዲ፣ ሪላክስ። ምንም ቢመጣ ቆልፌ ውስጥ እቀመጣለሁ። እኔ እንዳንተ ጀግና አይደለሁም።»

እናትሽ በደስታ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ፈሪ ለናቱ» አለች። እኔም ተመስገን አልኩ። ተመስገን ስል ከልቤ ነበር፣ አልዋሽሽም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ወጥቼ እስከ ሃይበሪ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ።

አሁን የምጽፍልሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ከምርጫው በኋላ፣ በጥቅምት 1998፣ አዲስ አበባ ስትታመስ እኔ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ያን ዕለት ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተኩስ ሲሰማ የበሩን ቁልፍ እጄ ላይ ጥሎ ሄደ። ግቢው ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። የላሜራውን በር ቆለፍኩ። እስከዚህ ድረስ ስትሰሚ ያደግሽው እውነት ነው። ውሸቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ተኩሱ ሲቀርብ ከመንገድ የሸሹ ልጆች በሩን ይመቱ ጀመር። ብዙዎቹ መልስ ሲያጡ ወደ ወንዙ ሮጡ። አንዱ ግን ቀረ። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ። ዐቢይ ነኝ» አለ። ዐቢይ የትምህርት ቤቱ ቡድን የግራ ተከላካይ ነበር፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ። ሜዳ ላይም ቢሆን የማይጮህ ልጅ ነበር፤ ያን ዕለትም አልጮኸም፣ ልክ ክፍል አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ነው የጠራኝ። ቁልፉ በቀኝ እጄ ነበር። ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት። ብከፍት ወታደሮቹ ተከትለው ገብተው ሁለት መቶውን ይፈጁብኛል ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ፤ ግን ይህን ምክንያት ያገኘሁት ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ምንም አላሰብኩም። እግሬ እምቢ አለኝ። ፈራሁ። ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ከዚያ መምታቱን ተወ።

በሩን የከፈትኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ዐቢይ እዚያው ደፉ ላይ ነበር።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ልጆች ወላጆች መጥተው እጄን ሳሙኝ። አንዱ «በሩን ከፍቶ ልጆቻችንን አስገባልን» አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ሰፈሩም አወራው። አዎ አላልኩም፣ አይደለምም አላልኩም። ወሬው መንግሥት ጆሮ ሲገባ «ለአመፀኛ በር ከፍተሃል» ተብዬ ሁለት ጊዜ ታሰርኩ። ለዚያ ነው የተሰደድነው ልጄ። ባልሠራሁት ደግነት ተሰደድኩ። እዚህም ስንመጣ ትምህርት ቤት «አባቴ በሩን ሲከፍት» ብለሽ ጽፈሽ ሽልማት አመጣሽ፣ እናትሽም መስታወት አስገብታ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለችው። በሱ ሥር ሳላልፍ ከቤት መውጣት አልችልም። እሷም እስከ ዛሬ አታውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ዐሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ።

የስቲዋርድ ሥራ ሲገኝ ደመወዙን ብዬ የገባሁ መስሏችኋል። በሩ ላይ መቆም ስለፈለግሁ ነው። በሩ ሲከፈት፣ ሰው ሲወጣ፣ ሁሉም ሲወጣ ማየት ስለፈለግሁ ነው። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ቆሜ እቈጥራለሁ፤ ጋሽ ተስፋጋብር «አለቀ እኮ፣ እንሂድ» እያለ ይጎትተኛል።

እንግዲህ ምን ልበልሽ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሐሳቤ «ሥራውን ትተሽ ነይ» ልልሽ ነበር። አሁንም ነይ ብልሽ ደስ ይለኛል። ግን ያንን የሩዝ ጫፍ ተቀብለሽ ጥለሻቸው እንደማትመጪ አውቃለሁ፤ የወለድኩሽ እኔ ነኝ። አባትነቴ ቆልፊው፣ ሁለቴ ዙሪው፣ ከጠረጴዛ ሥር ግቢ ይለኛል። አንቺን ማጣት የምችለው ነገር አይደለም። ነገር ግን ቆልፎ የተረፈ ሰው አውቃለሁ፤ አብሬው ነው የምኖረው፤ አንቺን ለእሱ ኑሮ አልሰጥም።

ስለዚህ የሥራ ሰው ሆኜ ልንገርሽ፣ በደንብ ያዢልኝ። በሩ ወደ የት እንደሚከፈት ዛሬውኑ ቼክ አድርጊ። ወደ ሕዝቡ በኩል የሚከፈት ከሆነ፣ ሰው አንዴ ከተደገፈበት ዐሥር ጎረምሳ ቢገፋው አይከፈትም። ሲንኳኳ እከፍታለሁ ማለት አይሠራም፤ አስቀድሞ ነው። ለፓክ ሱርዮ ንገሪው፣ እሱ ሽማግሌ ነው ይሰሙታል፤ አብራችሁ ለአለቆቹ ንገሯቸው። ከመጨረሻው ፉጨት በፊት ክፈቱትና በመንጠቆ እሰሩት። ከበሩ ፊት ለፊት አትቁሚ፣ ከግድግዳው ጥግ ቁሚ። ሕፃን ቀድሞ ይግባ። በተጫዋቾቹ መተላለፊያ በኩል ያለውንም አስከፍቺ፣ የገባ ሰው መውጫ ይፈልጋል። ጭስ ከመጣ ዓይንሽን በእጅሽ አትሺ፣ በውኃ እጠቢው።

እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ዋሽተኸኛል ትይኛለሽ፣ ልክ ነሽ። ተቆጪኝ፤ ግን ከቅዳሜው በኋላ ተቆጪኝ፤ ደውለሽ ተቆጪኝ። በዚያን ቀን ድምፅሽን ሰምቼ ስድብም ቢሆን እቀበለዋለሁ።

እጅሽ የነካው ይዳን። ሰው መሐል ስትቆሚ ጉልበትሽ አይክዳሽ። የሄድሽበት አገር እናትና አባት ይሁንሽ፣ የላከሽም ደጅ ደህና ይቀበልሽ።

ይህንን እየጻፍኩ እናትሽ ገብታ ከኋላዬ ቆመች። መነጽሯን ስላላደረገች ጽሕፈቱ አልታያትም። «በሩን ቆልፊ ብለህ ጻፍክላት?» አለችኝ። «ጽፌላታለሁ» አልኳት። «ይቺ ልጅ አንድ ጊዜ ሲነግሯት አትሰማም፣ ድገምላት» አለችና ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ይኸው እያየችኝ እደግምልሻለሁ፦ ክፈቺው።

አባትሽ
መኩሪያ