ከሬዲዮዬ የነቀልሻት ትራንዚስተር

ውድ ባለቤቴ ለሊሴ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መስከረም ጠብቷል። ይህን የምጽፍልሽ ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ከፊት ለፊቴ የጊታርሽ ድምፅ ማጉያ ተቀምጧል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሳትበራ የኖረችው ትንሿ ቀይ መብራቱም በርታለች።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ከልክ በላይ አፍርቶ አንዱ ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ጫማዬን ከእግሬ እያወለቀ ያስቀርብኝ የነበረው የሰፈራችን ጭቃ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ልጃችን ቦንቱ ለበዓል መጥታ ጊታርሽን ከቁም ሳጥኑ አወጣች፤ አዲስ ክርም አሰረችለት። ማጉያው ይሠራ እንደሆነ ስትጠይቀኝ የለመድኩትን ቀልድ መለስኩላት።

ቀልዱን አንቺም ታውቂዋለሽ። «ባለቤቴ በአንድ ካቻቢቴ ሁለት ዕቃ ገደለች፤ የእኔን ሬዲዮና የራሷን ማጉያ» እያልኩ ለመጣው እንግዳ ሁሉ የማወራው ነው። እንግዶቹ ይስቃሉ፤ አንቺም አብረሽ ትስቂና «ሃ ታኡ፣ ይሁን» ብለሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ።

ሁለታችንም ሲሬ ስናስተምር የሆነውን አስታውሺ። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር የገዛሽው ማጉያ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። መለዋወጫው በሲሬም በነቀምቴም ታጣ። አንቺ ግን ጀርባውን ፈትተሽ፣ የታመመውን ክፍል ለይተሽ፣ ከሬዲዮዬ አንዲት ትራንዚስተር ነቅለሽ በየድሽበት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሬዲዮዬ ዝም ብሎ ማጉያሽ ሲዘምር አገኘሁት። የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት አመለጠኝ ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩሽ። በአራተኛው ቀን አፈርኩና አበባ ቀጥፌ፣ በማስቀመጫ ውሃ ሞልቼ፣ የዕርቅ ምልክት ይሁን ብዬ ማጉያው ላይ አኖርኩልሽ። በየማለዳውም ውሃውን እጨምር ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ማጉያው እንደገና ዝም ሲል የሬዲዮ ትራንዚስተር አልስማማው ብሎ ነው፣ እጅሽ ነው ያጠፋው ብዬ ፈረድኩ። አንቺም አልተከራከርሽኝም። ዳግመኛም አልከፈትሽውም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቦንቱ ጊታርሽን ይዛ፣ ማጉያውን በባጃጅ ጭነን እዚሁ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወደሚገኘው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ወደ ኦቦ ገመቹ ወሰድነው። ያንቺን ትራንዚስተር አውጥቶ ሌላ እንዲተካልን ነበር ሐሳቤ። ጀርባውን ከፈተና ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ ተመለከተ። ቀና ሲል «ኩን ሀርከ ኤኙቲ? ይህ ብየዳ የማን እጅ ነው፣ ጋሼ?» አለኝ። የእናቷ መሆኑን ቦንቱ ነገረችው። «እኔ ጋ ብትመጣ ወንበሬን እለቅላት ነበር» አለ።

ከዚያ ያደረገውን ባየሽ እንዴት ደስ ባለሽ። ማጉያውን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ፣ ጣቱን በካቻቢቴው ብረት ላይ አድርጎ፣ ከስፒከሩ በኩል ጀምሮ ወደ ጊታሩ መግቢያ አንድ በአንድ እየነካ ወደ ኋላ ሄደ። በነካው ቁጥር ስፒከሩ ያጉረመርማል። ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው ኋለኛው ክፍል ደህና እንደሆነ፣ የታመመው ፕሪአምፕ የሚሉት ፊተኛው ክፍል እንደሆነ ነገረኝ፤ ከክሩ የሚመጣውን ከትንፋሽ የቀጠነ ንዝረት ተቀብሎ ጉልበተኛው ክፍል እስኪሰማው ድረስ ከፍ የሚያደርገው እርሱ ነው አለ። ከዚያ ምስር የምታህለውን ያንቺን ትራንዚስተር ነካት። ስፒከሩ ከሁሉ አብልጦ ጮኸ፤ በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ዞረው አዩን። ትራንዚስተርሽ አልሞተችም ነበር። በደህና ጤንነቷ፣ የሚደርሳት ድምፅ አጥታ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቃለች።

ከእርሷ ወደ መግቢያው አንድ ስንዝር አለፍ ሲል ግን ዝምታ ሆነ። የመዳብ መስመሩ አረንጓዴ ዝጎ ተበልቷል። ኦቦ ገመቹ የማጉያውን የላይ ክዳን ገልብጦ አንድ ስንጥቅ አሳየኝ፤ በስንጥቁ ዙሪያ እንጨቱ ላይ የቀረ ክብ የውሃ ምልክት አለ። «እዚህ ላይ ውሃ ይቀመጥ ነበር እንዴ ጋሼ?» ሲለኝ ቦንቱ ቀድማ፣ «ኸረ እናቴ በዚህ ዕቃ ላይ ማንኪያ እንኳ አታስቀምጥም ነበር» አለች።

እውነቷን ነው። እኔ ግን እርሷ ከምታስታውሰው በፊት የነበረውን፣ የራሴን አበባ ማስቀመጫ አስታወስኩ። ማጉያው ዝም ባለ ሳምንት አበባ ማስቀመጫውን አንስተሽ መስኮቱ ላይ አኖርሽው፤ ክቡንም በነጠላሽ ጫፍ ጠረግሽው። ቤት የምታስተካክዪ መስሎኝ ነበር። ለሊሴዬ፣ አውቀሽ ነበር። ጥፋቱ የዕርቅ ስጦታዬ መሆኑን አይተሽ፣ አበባዬን ከማሳፈር የእጅሽን ስም ማጥፋት መረጥሽ። ከዚያም በእኔ ቀልድ ከእንግዶቼ ጋር ሳቅሽ። ይህን የሚያህል ዝምታ በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮኝ ኖሮ አለመስማቴ እስከ አሁን ያስደንቀኛል።

ኦቦ ገመቹ የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ አገናኘው፤ የዛገ ኮንደንሰርም ለወጠ። ያንቺን ግን አልነካትም። ቦንቱ አንድ ክር ስትነካ ድምፁ ከሲሬው ቤታችን የመጣ ያህል ሞቆ ወጣ፤ መዳፌን ስፒከሩ ላይ አሳርፌ ንዝረቱ እስኪያልቅ ቆየሁ።

ትናንት ሁለቱ የጥንት ባልደረቦቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ማጉያውን ሲያዩ የለመዱትን ጨዋታ ጠበቁ፤ አንደኛው እንዲያውም «በአንድ ካቻቢቴ...» ብሎ ጀመረልኝ። እኔ ግን ከአበባ ማስቀመጫው ጀመርኩ። ስጨርስ የሳቀ አልነበረም። ቀልዱን የጀመረልኝ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ።

ቀልዱን የሰሙ ብዙ ናቸው፤ በሲሬም በነቀምቴም። በሕይወት ያሉትን አንድ በአንድ ፈልጌ እነግራቸዋለሁ፤ አንደበቴ እስኪዘጋም ስለዚህ ዕቃ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በእጅሽ እጀምራለሁ። ሬዲዮዬም እንደተነቀለበት ይቀመጣል። የማጉያውን ክዳን ዛሬ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ክቡ አልለቀቀም። ምንም አላስቀመጥኩበትም።

ዘግይቶ የሰማሽ ባለቤትሽ