የሠናይትን ስም ሲጠሩ የኖሩት መምህር ይርጋ ዘውዱ

የኅብረታችን ጸሐፊ ፈንታነሽ እስከዚህ ሳምንት ለማንም ነግራው የማታውቀው ነገር ነበር፤ አባላቱ ሰምተው በዚህ መግለጫ መጀመሪያ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ልጇ ሠናይት እሸቴ በ2010 ዓ.ም. የዚህ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እጇን ይዛ ያስመዘገበቻት ራሷ ፈንታነሽ ናት።

የቀጭን ውሃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በመምህር ይርጋ ዘውዱ ሞት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። መምህር ይርጋ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ አርፈዋል።

በ1994 ዓ.ም. ከይፋግ ተዛውረው ሲመጡ የተመዘገበው ተማሪ 212 ነበር፤ ሴቶቹ 37።

በ2003 ዓ.ም. ርዕሰ መምህር ሆኑ። ማክሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ ክፍሉ ግማሽ ስለሚሆን ስም መጥሪያውን ይዘው እህል ተራ ይወርዱ ጀመር። ነጋዴው «መምህር፣ እኛንስ ስንተኛ ክፍል ጻፉን?» እያለ ይሥቅ ነበር። ልጆቹ ግን ከጆንያው ኋላ «አቤት» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. 640 ተማሪ ተመዘገበ፤ ለ8ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 58 ልጆች 51 አለፉ።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ፈንታነሽ፣ ባሏ በሞተ በአራተኛው ወር፣ ሠናይትን ከሐሙሲት በሚነሣ ሚኒባስ ባሕር ዳር ሰው ቤት እንድትሠራ ላከቻት። ለመምህር ይርጋ «አሟት ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ትመጣለች» አለቻቸው። እሳቸውም ስሟን ሳይሰርዙ ጠበቁ።

በየካቲት የተማሪ ቁጥር የሚያጣራ የወረዳ የቁጥጥር ቡድን መጥቶ ሲጠይቃት፣ ልጇን ለሥራ በመላኳ እንዳትከሰስ ፈርታ «የእኔ ልጅ እዚህ አልተመዘገበችም» ብላ በጣቷ ፈረመች። ያን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ያለችውን ግን ታውቃለች። መምህር ይርጋ አጠገቧ ቆመው ነበር። የሌለ ተማሪ ጽፈው ቁጥር አሳድገዋል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ከርዕሰ መምህርነትም ተነሡ።

ሠናይት በዚያው ዓመት ከቀጣሪዎቿ ቤት ወጥታ ሄደች። እስከ ዛሬ ወሬዋ የለም። ፈንታነሽ ፊደል የቆጠረችው ልጇ ትታቸው በሄደችው መጻሕፍት ነው።

መምህር ይርጋ ወደ ክፍል ተመልሰው ሰባት ዓመት አስተማሩ። በ2016 ዓ.ም. መንገድ ተዘግቶ ተመዝጋቢው 119 ሲደርስ ቤት ለቤት የዞሩት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ያልተመለሱ ልጆችን ስም በሰልፉ ፊት ይጠሩ ነበር። የመጨረሻው የሠናይት ነበር። ጠርተው ጥቂት ይጠብቁ ነበር። የፈንታነሽ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። ዘንድሮ የጠራት የለም። ፈንታነሽ ግን ሰልፉ እስኪበተን ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር።

መምህር ይርጋ የሐሰት ስም እንዳልጻፉ ኅብረታችን ያረጋግጣል። ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ትዕግሥት፣ ለልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል፤ ይቅርታም ይጠይቃል።

መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለመምህር ይርጋ ዘውዱ ቤተሰብ
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በግል ማኅደራቸው ከማስጠንቀቂያው በላይ እንዲታሰር
ለሠናይት እሸቴ፣ አድራሻዋ ስለማይታወቅ በ2010 ዓ.ም. መዝገብ ስሟ ባለበት ገጽ እንዲቀመጥ