ከናይሮቢ ሐረር ለክርስትና

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1980

ባሌ እየመጣ ነው! መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ ለሥልጠና ከላከው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ቴሌግራሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፦ «ለልጄ ክርስትና አርብ እበራለሁ። ቅዳሜ ሐረር እገባለሁ። ግርማ።»

እልል ልል ስል እማዬ አቋረጠችኝ። «የምን ክርስትና?»

እውነቷን ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። የኔዋ ሴት ናት፤ እሑድ ገና አርባ ቀን ይሆናታል። ሰውዬው ወንድ የወለድኩለት መስሎታል!

የወለድኩ ዕለት ቴሌግራም የላኩልኝ ጎረቤታችን ሽማግሌው አው ዩሱፍ ናቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተገላግላለች» አሉና አበቃ። እሳቸው የኛን አርባና ሰማንያ ከየት ያውቁታል? እኔማ በማግስቱ ሁሉንም ዘርዝሬ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። አልደረሰውም ማለት ነው።

ሐሙስ

ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ከነገርኩት ይቀራል። ልጁን ገና አላያትም፤ እኔም ናፍቆኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ ፈቃዱን አሁን ይጨርስና ለእውነተኛው ክርስትና ይቀራል። «ባልሽን አታታልይ» ትላለች እማዬ።

አራስ ነኝ፣ ከቤት አልወጣም። የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲጨንቃት ምን ታደርጋለች? አትላስ ዘረጋሁ። ከናይሮቢ አዲስ አበባ በክር ለካሁ፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት። ከአዲስ አበባ ሐረር ግማሹን አይሞላም፤ አውቶቡሱ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ በየኬላው ተፈትሾ፣ መሸት ሲል ከገባ ተመስገን ነው። ደብዳቤዬማ ይኸው ወር አለፈው።

ለአው ዩሱፍ ነገርኳቸው። «ሁለት ሰዓት? ወላሂ፣ እኔ ድሬዳዋ ደርሼ ስመለስ ቀኑ ያልቅብኛል!»

አርብ

«ሴት ናት። ለታኅሣሥ አንድ ና» ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። እማዬን ቴሌ ልልካት ስል ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ይኼኔ ወይ ሰማይ ላይ ነው፣ ወይ ቦሌ ወርዷል። ወረቀቱን ትራስ ሥር ከተትኩት። ጥፋት ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

ቅዳሜ

አው ዩሱፍ አውቶቡሱ የሚገባበት ሸዋ በር ቆመው ሲጠብቁልኝ ዋሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድምፃቸው ከደጅ ተሰማ፦ «ልጄ፣ ይኸው አመጣሁልሽ!»

ግርማ አቧራ ለብሶ ገባ። እኔ ገና ሳልስመው ማልቀስ ጀመርኩ። «ይቅር በለኝ፣ ሴት ናት። ክርስትናዋም ገና ነው» አልኩት።

ሻንጣውን ከፈተና ትንሽዬ ሮዝ ቀሚስ አወጣ።

«ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው» አለ። «የሥልጠናው ኃላፊዎች ለክርስትና ካልሆነ ፈቃድ አይሰጡም። እነሱ አርባና ሰማንያ አያውቁ! ቴሌግራሙን የላኩልኝም እነሱው ናቸው፤ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?»

እማዬ አማተበች። «ሰማንያዋ ሲደርስስ ምን ልትላቸው ነው?»

«ለልጄ ክርስትና ነዋ! ያኔ እንኳ አልዋሽም።»

እማዬ ራሷ ሳቀች። እኔ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ቀሚሱን አለበስናት። ሰፍቷታል። ለታኅሣሥ ልኳ ይሆናል።