በሦስተኛው ጥሪ «አቤት» የሚሉት ሐኪም፤ የዶክተር ሳህሉ ሄራሞ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሳህሉ ሄራሞ ከአባታቸው ከአቶ ሄራሞ ላምቤቦና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውድነሽ ኤርጫፎ፣ በከምባታ ከዱራሜ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች በኩፍኝ ስላለቁ፣ እናታቸው ሞት ስሙን እንዳይሰማ ፈርተው ይህኛውን ልጅ ደጅ ሲጫወት በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «አንተ ልጅ» እያሉ ነው ያሳደጉት። ስማቸው ጮክ ተብሎ ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገቡ ዕለት ነው። መምህሩ ሲጠሩ ዝም፣ ደግመው ሲጠሩ ዝም፣ በሦስተኛው አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ በክርኑ ጎሸም ቢያደርጋቸው «አቤት» አሉ። ይህን ዶክተር ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩት ነበር። የኋላ ኋላ ግን ሳቁ ቀረና በሦስተኛው የመመለሱ ልማድ ብቻ አብሯቸው ኖረ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሆሳዕና አጠናቀው፣ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ገቡ፤ በ1964 ዓ.ም. በሕክምና ዶክትሬት ተመረቁ። በማግሥቱ ዓመት በጋሞ ጎፋ ቆላ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። ሐኪሙ እሳቸው፣ ረዳታቸው ድሬሰር ባሕሩ ነበሩ። ከሁለቱ በቀር ሠራተኛ አልነበረም።

ያን ዓመት ዝናቡ ሲያባራ ወባ ገባ። ሕዝቡ በቃሬዛ፣ በጀርባ፣ በበቅሎ እየሆነ መጥቶ ጤና ጣቢያው ሞላ፤ በአንድ አልጋ ሁለት ሰው ይተኛ ነበር። ታዲያ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ ከበሽተኞቹ አንዱ ማንም ሳይጠራው «አቤት» ይላል። የመለሰ ሰው የጀንበሯን መጥለቅ አያይም። ዶክተር የሳይንስ ሰው ስለነበሩ የትኩሳት ቅዠት ነው ብለው ሊያልፉት ሞከሩ። ድሬሰር ባሕሩ ግን «ዶክተር፣ ቅዠትስ ይሁን እሺ። ሲጠሯቸው ለኔ ለጤነኛው ለምን ይሰማኛል?» አሏቸው። ለዶክተርም ይሰማቸው ነበር።

ከነዚያ መካከል አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ተኝታ ነበር። ልጁ ተስፋ የተቆረጠለት ነበር። እሷ ግን ድና ልትወጣ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። ቀትር ላይ «አቤት» አለች። ዶክተር ደንግጠው ሄደው «ማን ጠራሽ?» ቢሏት፣ «እኔን አይደለም፤ ልጄን ነው የጠሩት። ቀድሜው መለስኩ» አለቻቸው። ያው ነው፤ ሳይመሽ አረፈች። ልጁ ሲነጋ ምግብ ጠየቀ። አጎቱ መጥቶ ወሰደው፤ ዛሬ በሕይወት ካለ የልጆች አባት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር በሠሩበት ክፍል ሁሉ በሽተኛ ሦስት ጊዜ ይጠራል። በሽተኛውም ከሦስተኛው በፊት እንዳይመልስ አስቀድሞ ይነገረዋል። ነርሶቹ ሥራ በዛብን ብለው ሲያጉረመርሙ «መድኃኒት ይዞ የመጣ ሰው ሦስቴ ለመጥራት ይታገሣል፤ ያኛው ግን ችኩል ነው፣ ከሁለት አያልፍም» ይሏቸው ነበር። ያኛው ማን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገሩም። በቤታቸውም ሕጉ ይኸው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጌጤ ሎምቤ ጋር አዲስ አበባ በጋብቻ ተሳሰሩ። የሠርጉ ዕለት አገልጋዩ «ጌጤ ሚስትህ እንድትሆን ትወዳለህን?» ብለው ቢጠይቋቸው ዶክተር ዝም አሉ። ሲደገምም ዝም። ሙሽሪትን ላብ አጠመቃቸው፤ የሙሽሪት እናት ተዝለፍልፈው በሰው ተያዙ። በሦስተኛው «አዎን፣ እወዳለሁ» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወ/ሮ ጌጤ ለዚያች ዝምታ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ይቅርታ አድርገዋል ማለት አይቻልም። ጌታ በትዳራቸው ፍሬዘርንና ጸጋን ሰጣቸው።

ዶክተር ሳህሉ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆነው እስከ 1998 ዓ.ም. አገለገሉ። በእጃቸው ያለፈውን በሽተኛና ያስተማሩትን ሐኪም ሆስፒታሉ ይቁጠረው። በ2006 ዓ.ም. ልጃቸው ፍሬዘር በአየር መንገድ መሐንዲስነት ወደሚሠራበት ወደ ዱባይ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። መጀመሪያ በጎረቤት ከተማ በአጅማን፣ የልጅ ልጃቸው ናኦሚ ከተወለደች በኋላ በአል ማምዛር ሰፈር ኖሩ። በዚህ አገር የሕክምና ፈቃድ ስላልነበራቸው ማንንም አላከሙም። ነገር ግን ዘወትር አርብ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን በምትከራየው አዳራሽ በር ላይ ሰው ይከባቸዋል፤ እሳቸውም ሰምተው፣ ዓይን ገልጠው አይተው፣ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበትን ይልካሉ። አል ሙራቃባት በቢድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ ተከራይታ የምትኖረው የቤት ሠራተኛ ኑሪያ፣ ሙስሊም ብትሆንም ለስኳር በሽታዋ ምክር ፍለጋ ትመጣ ነበር። የሦስተኛውን ጥሪ ነገር ስትሰማ «ዶክተር፣ የኔ ማዳም ሦስተኛውን አትጠብቅም። በአንዱ ካልደረስኩ ኸላስ አለቀ፣ ሹግሉም ሥራውም ቀረ» ብላ አሳቀቻቸው። «ማዳምሽንማ መልሺላት» አሏት፤ «እኔ የምልሽ ፊቱን የማታዪውን ነው።» ፓስተራችንም አንድ ቀን «ታዲያ ጌታ የጠራዎት ዕለትስ?» ቢሏቸው፣ «ጌታ ከሆነ ሦስቴ መጥራት አይታክተውም» ብለው መለሱ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። በሻርጃ በአንድ ሆስፒታል ተኝተው ታክመው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ከአልጋ አልወረዱም። ወ/ሮ ጌጤን ግን ከበሽታው ይልቅ ያስጨነቃቸው ቀትር ላይ ዶክተር አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ በሩ ማዳመጥ መጀመራቸው ነው። «ማንን ነው የምትሰማው?» ሲሏቸው «እኔን አይደለም የሚጠሩት» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። በዚሁ ሰሞን ሕፃን ናኦሚን ትኩሳት ያዛት። ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠ፤ ትኩሳቱ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ወ/ሮ ጌጤ ኤሲውን ቢያጠፉ፣ ካልሲ ቢደራርቡላት፣ በር ቢዘጉ፣ ቢጸልዩ የልጅቷ ግንባር እንደ ጋለ ብረት ሆኖ ሰነበተ። «አባባ ጋ ካልተኛሁ» ብላ ስላስቸገረች ፍራሿን ከአልጋቸው ሥር አነጠፉላት።

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀትር ላይ ፍሬዘር ሥራ ላይ ነበር። ባለቤቱ ማራናታ ወደ ፋርማሲ ወርዳለች። ወ/ሮ ጌጤ ማድ ቤት አጥሚት እያማሰሉ «ናኦሚ» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ ሰሙ። የማራናታ ድምፅ ነው። ቁልፍ ረስታ ይሆናል ብለው በሩን ቢከፍቱ ሰው የለም፤ አሳንሰሩም ታች እንደቆመ ነው። በሩን ዘግተው ሲመለሱ «ናኦሚ» ተባለ፤ አሁን ግን ከቤት ውስጥ፣ እሳቸው ትተውት ከመጡት ከማድ ቤቱ። ወ/ሮ ጌጤ ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጡ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ፣ ለመመለስ አፏን ከፍታ ነበር። ለቀናት መቀመጥ ያቃታቸው ዶክተር ተነሥተው ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን በልጅቷ አፍ ላይ አድርገው፣ ወደ በሩ እያዩ፣

«አቤት» አሉ። «እዚህ ነኝ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሦስተኛው በፊት የመለሱት ያን ዕለት ብቻ ነው። ቀጥለው ቀስ ብለው ጋደም አሉና «ጌጤ፣ ግንባሯን ዳሺ» አሉ። ወ/ሮ ጌጤ ቢዳስሱ ልጅቷ በላብ ርሳለች፤ ሰውነቷ ቀዝቅዟል። «አባባ እጃቸው ከበደኝ» አለች። ወ/ሮ ጌጤ ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው ያዩአቸው። የሐኪም ቤቱ ወረቀት የልብ ድካም ይላል፤ እሱም እውነት ነው።

ዶክተር ሳህሉ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጌጤ ሎምቤን፣ ልጆቻቸውን ፍሬዘርንና በሐዋሳ የምትኖረውን ጸጋን፣ ምራታቸውን ማራናታንና የልጅ ልጃቸውን ናኦሚን ትተው በተወለዱ በ79 ዓመታቸው አርፈዋል። ዛሬ ግንቦት 26 ቀን በሻርጃ የክርስቲያኖች መካነ መቃብር በክብር ያርፋሉ። ናኦሚ ድናለች፤ ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ አትያዝም። ለቅሶ ለመድረስ ወደ አል ማምዛር ለምትመጡ ሁሉ አንድ አደራ አለ፤ በር ላይ የሕፃኗን ስም አትጥሩ። የራሳችሁን ስም ተናገሩ፤ ይከፈትላችኋል።

ትናንት ቀትር ላይ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት «ጌጤ» የሚል ድምፅ ከመኝታ ክፍሉ ተሰማ። የዶክተር ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይቶ «ጌጤ» አለ። በጣም ቆይቶ፣ ያለ ምንም ችኮላ፣ በሦስተኛው «ጌጤ» አለ። ወ/ሮ ጌጤ አልመለሱም። ልጅቷ ገና ሕፃን ናት፤ ሲያተኩሳት ማን ይዳስሳታል?

የምሕረት ጌታ የዶክተር ሳህሉን ነፍስ በዕረፍቱ ስፍራ ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለዶክተርም እስኪመለስላቸው ትዕግሥትን ይስጥልን። አሜን።