ሞተርህን ያስነሳሁባቸው ቅዳሜዎች

ጌችዬ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛው ሰመር ገባ። ከተማችን ስኔልቪል እንደምታውቀው ነው፤ ገና በጠዋቱ አስፋልቱ ይግላል። ልጽፍልህ ብዬ ስንቴ ቁጭ ብዬ ተነሳሁ መሰለህ። ዛሬ ግን የምነግርህ ስላለኝ እስክጨርስ አልነሳም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ማሂ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ዶርም ነው የምትኖረው። ሳሎን የነበረውን ትልቁን ሶፋ ለሰው ሰጠሁት። ሦስት ሰው በሚያስቀምጥ ሶፋ ላይ ብቻዬን መቀመጡ አስጠላኝ። ለአንድ ሰው ማብሰል እስካሁን አልተማርኩም፤ የሠራሁት ወጥ ሳምንቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ይከርማል። የቸርች እህቶች በመጀመሪያው ሰሞን በየተራ ይመጡ ነበር፤ ከዚያ እየቀረ መጣ። አልቀየምኳቸውም፤ ሁሉም ደብል ሺፍት ነው የሚሠራው። ግን እሁድ ቸርች ያልሄድኩ እንደሆነ፣ አርብ ከሥራ ከወጣሁ እስከ ሰኞ ከማንም ጋር ሳላወራ እቆያለሁ። ሰኞ ጠዋት ነርሲንግ ሆም ገብቼ የመጀመሪያዋን አሮጊት ደህና አደርሽ ስል የገዛ ድምፄ ይጎረብጠኛል።

ሞተር ሳይክልህ አለች። አልሸጥኳትም።

ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ካሉን በኋላ ስለ ቤቱም ስለ ኢንሹራንሱም ታወራኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ ስለ ሞተርህ ነበር ያወራኸኝ። «ዘኒ፣ በየሳምንቱ አስነሻት። ጋራዥ ውስጥ አይደለም፣ ወደ ውጪ አውጥተሽ። ማቀዝቀዣው ፋን እስኪነሳ ጠብቂ፣ ከዚያ አጥፊያት።» በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ይኼን ማሰብህ ያን ቀን አናዶኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የምሠራው ነገር እንዲኖረኝ ፈልገህ ይሆን እላለሁ። አልጠየቅኩህም።

እናም በየቅዳሜው ገፍቼ አወጣኋት። አስነስቻት አጠገቧ እቆማለሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት ቁጥር አያለሁ። መቶ ሃያ ፋራናይት፣ መቶ ስድሳ፣ ከዚያ ቀስ እያለች ሁለት መቶ። ሁለት መቶ ሃያ ስትደርስ ፋኑ እፍ ብሎ ይነሳና ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። ያኔ አጠፋታለሁ። ለጎረቤቶቼ ቆሜ ሞተር የማይ እብድ ሳልመስላቸው አልቀርም። ለእኔ ግን በሳምንቱ ውስጥ ካንተ ጋር ያለሁ የሚመስለኝ ያኔ ብቻ ነበር።

ምክንያቱም ያቺን ቁጥር ማየት ድሮም የእኔ ሥራ ነበር። አንተ የቅርብ ነገር አይታይህም፤ መነጽር አድርግ ብትባል ከሄልሜት ጋር አይሆንም ትላለህ። እኔ ደግሞ ከአንተ ስለምረዝም ከኋላህ ሆኜ በትከሻህ ላይ አሻግሬ አያታለሁ። መንገዱ ተዘግቶ መኪኖቹ ሲቆሙ፣ ዙሪያችንን ሙቀቱ ሲነሳ፣ ሳትዞር «ስንት?» ትለኛለህ። «ሁለት መቶ አስር» እልሃለሁ። «አሁንስ?» «አስራ አምስት።» ሌሎች ባልና ሚስቶች ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። እኛ ግማሹን ትዳራችንን እንዲህ ነው ያወራነው።

ያን ሁለት ሰማንያ አምስት ሃይዌይ ላይ የቆምንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሁለት መቶ ሠላሳ ስልህ የቀለድኩ መስሎህ ነበር። ፋኑ አልተነሳም። ወደ ዳር አውጥተህ ድልድይ ሥር አቆምካት፣ አጠፋኻት፣ እኔ ውሃ ይዤ ወደ ራዲያተሩ ስጠጋ እጄን ያዝከኝ። «ትኩስ እያለ ከተከፈተ ፊትሽን ነው የሚያቃጥልሽ። ትብረድ።» እዚያ ተቀምጠን እስክትበርድ የአባትህን ነገር አጫወትከኝ፤ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ነግረኸኝ የማታውቀውን። ሞተሯ በርዳ ካበቃች በኋላም እንሂድ አላልከኝም፤ እኔም አላልኩህም። ስትጨርስ ነው ተነስተህ የተቃጠለውን ፊውዝ የቀየርከው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ አስነስቼ ቆምኩ። ሁለት መቶ ሃያ ደረሰች፣ ፋኑ ዝም አለ። ሃያ አምስት ሆነች፣ ዝም። ሠላሳ ስትል አጠፋኋት። ፊውዝ ነው ብዬ አየሁ፤ ደህና ነው። ለጓደኛህ ለሙሉጌታ ደወልኩለት፤ ክላርክስተን ጋራዥ ላለው፣ አብራችሁ ትነዱ ለነበረው። በነጋታው መጣ። ከጎን ያለውን ሽፋን ፈትቶ በባትሪ አበራና ጠራኝ። ተርብ በፋኑ ክንፎች መሀል በጭቃ ቤቷን ሠርታለች። ጭቃው ደርቆ ፋኑን እንዳይዞር ይዞታል።

በእንጨት እየቆፈረ አወጣው። ፋኑ በጣት ሲገፋ ዞረ። ሙሉጌታ እጁን እየጠረገ፣ «ዘኒ፣ ማስነሳት ብቻውን አይበቃትም፣ መሄድ አለባት» አለኝ። «ወይ የሚነዳት ሰው ትፈልጊያለሽ፣ ወይ ትሸጫታለሽ። ገዢ እኔ አመጣልሻለሁ።» ላስብበት አልኩት። ከሄደ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ብትሸጥ ቅዳሜዬ ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ከአርብ እስከ ሰኞ የሚጠብቀኝ ነገር አልታየኝም።

ሰኞ ዕለት የሞተር ክላስ ተመዘገብኩ።

ብታየኝ ትስቅ ነበር። ሰፊ ፓርኪንግ ላይ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር፣ በትናንሽ ሞተሮች። በመጀመሪያው ቀን ስዞር ወደቅኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ። አስተማሪዋ ረጅም ፀጉር ያላት ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ አንስታኝ ለምን መንዳት እንደፈለግኩ ጠየቀችኝ። የባሌ ሞተር አለች አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ተመልሼ እንድወጣ ሞተሯን ያዘችልኝ። ላይሰንሱን አወጣሁ። መጀመሪያ በሰፈራችን ውስጥ፣ ከዚያ እስከ ግሮሰሪው፣ ከዚያ እስከ ሥራ ድረስ ያንተን ነዳሁ። ከበደችኝ፤ ግን እግሬ መሬት ይደርሳል።

ለማሂ በስልክ ነገርኳት። «ማሚ፣ አንቺንም ልጣ?» አለችኝ። ከቤት ካልወጣሁ ሌላ ዓይነት መጥፋት እንዳለ እንዴት ላስረዳት። ሁለት ሳምንት አልደወለችልኝም፤ ያ ዝምታ ከቤቱ ዝምታ ጋር ተደምሮ ልቤን ሰበረው።

ስለዚህ ባለፈው እሁድ እኔው ሄድኩባት። ሃይዌዩን ፈርቼ ነበር፤ ግን እሁድ ጠዋት ባዶ ይሆናል ብዬ ወጣሁ። አልሆነም። ኮብ ካውንቲ ሳልደርስ አደጋ ነበር፤ መኪናው ሁሉ ቆመ። ፀሐዩ ከላይ፣ የሞተሯ ግለት ከእግሬ ሥር። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ሁለት መቶ አስር። አስራ አምስት። አስራ ስምንት። ሄልሜቱ ውስጥ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ መሆኔ የታወቀኝ ቆይቶ ነው። የሚጠይቀኝ ሰው ሳይኖር መልስ እየሰጠሁ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ መሀል እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ከፊቴ ጀርባህ የለም፤ በአንተ ቦታ ራሴ ነኝ የተቀመጥኩት። ሃያ ላይ ፋኑ ተነሳ። ቁጥሩ ሲወርድ እንባዬም አብሮ ወረደ፤ በሄልሜት መጥረግ አይቻልም፣ ተውኩት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ተንቀሳቀስኩ።

ዶርሙ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ደወልኩላት። በነጠላ ጫማ ወረደች። ተቆጥታ የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ሞተሯን ዞራ አየቻት፣ መቀመጫዋን ነካችው፣ ከዚያ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ። «ማሚ፣ የአባዬ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው» አለች። ለካ ሞተሯን የምትፈራው ለእኔ ብላ ብቻ ሳይሆን አንተን ስለምታስታውሳትም ነበር። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ይዛ የቆየችውን ነው የነገረችኝ።

ስልኳን አወጣች። ሞል ውስጥ ትሠራ በነበረበት ጊዜ ልትወስዳት ሄደህ የተውክላት የድምፅ መልእክት አለ፤ ካንተ በኋላ አንድ ቀንም ሰምታው አታውቅም፣ ፈርታ። እዚያው ተቃቅፈን ከፈትነው። «ማሂዬ፣ ታች ነኝ። እዚህ ፓርክ ማድረግ አይቻልም፣ ቶሎ ውረጂ። እእ… ጃኬትሽን እንዳትረሺ፣ በርዷል።» ይኼው ነው። ደጋግመን ሰማነው። አንተ ያቺን «እእ» ስትል ማሂ ሳቀች፤ ካንተ በኋላ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስልኬ ውስጥ ያንተ ምን እንዳለ አሰብኩ። ቤት ገብቼ ፈለግኩ፤ አንድ መልእክት የለኝም ጌችዬ። ሁልጊዜ አብረን ስለነበርን እኔ ዘንድ መልእክት የምትተውበት ምክንያት አልነበረህም። ስለዚህ እኔ ያለኝ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እሱን እንዳይጠፋ እጠብቀዋለሁ። ማሂ በጠየቀችኝ ቁጥር፣ አንተ እንዴት እንደምትናገር፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ እስካለሁ ድረስ እነግራታለሁ። ሳትጠይቀኝም እነግራታለሁ።

ያንተው፣
ዘኒ