ያልተመዘገበው ርጭት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ዝናብ። ምሳ ቀዝቃዛ ፓስታ፤ ግማሹን ጣልኩት። ከሰዓት የሠራሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ገበሬዎች ለግብርና ቢሮው ካሳወቁት መረጃ ውስጥ ሕግ ፈልቅቆ አወጣ፦ ፀረ-ተባይ ያልተረጨበት፣ አጠገቡም የታመመ ዛፍ ያለው የወይራ ማሳ ይቆረጥ። በሽታውን ከዛፍ ዛፍ የሚያዛምተው ተባይ ነው። አለቃዬ ዶናታ አጨበጨበች።
"ፓንታሌዮ፣ ደስ አይልህም እንዴ? ግብርና ቢሮው እኮ ሊሠራበት ነው!"
ደስ ብሎኛል አልኳት። ብሎኛል እንዴ? እማዬ ከሞተች ወዲህ እንጃ... ድንዝዝ ብያለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19
አጎቴ ኦሮንዞ ደወሉ፤ የእማዬ ወንድም። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።
"ባሩ ውስጥ ለሁሉም ነገርኳቸው። የእህቴ ልጅ የሚያስብ ማሽን ሠራ አልኳቸው። ያ ኡቺዮ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ካንተ የተሻለ ካሰበ ይበቃል!' ካርታ ላይ ስለምበላው እኮ ነው፣ ቅናታም!"
ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ። ለወይራ ለቀማው ና አሉኝ። እሺ አልኩ... አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30
ምንም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
የቆረጣ ማስጠንቀቂያ የተላከላቸውን ማሳዎች ሳይ የአጎቴን አገኘሁ። "ያልተረጨ" ይላል።
አጎቴ ኦሮንዞ? አልረጩም? በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቱቦውን የምይዝላቸው እኔ አልነበርኩም? እኚህ ሰው ለወይራቸው ሲሉ ከሠርግ የቀሩ ናቸው። ግን ለቢሮው አያሳውቁም። የዚያ መንደር ሽማግሌ አንዱም አያሳውቅም። "መንግሥት ምን ቤት ነው?" ይላሉ።
የሙያችን ልማድ ነው። መዝገብ ላይ ከሌለ አልተደረገም ብለን እንነሳለን። ለአውሮፕላን ይሠራል፤ ስምህ ከሌለ ትኬት የለህም። ለአጎቴ ግን... ፕሮግራሙ እኮ "አላውቅም" ማለትን አያውቅም። አላስተማርኩትማ።
ልደውልላቸው? ነገ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5
አልደወልኩም። ስልኩን አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ፍርሃት እንኳን አይደለም። ምን ሆኛለሁ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8
ሄድኩ። ገና ከመንገዱ ብርሃን በዛብኝ። ጥላ የለም። ወይራውን ሁሉ ቆርጠውታል፤ ራሳቸው፣ በገዛ መጋዛቸው።
"መቃወም ይቻል ነበር እኮ፣ አጎቴ!"
"ምን ብዬ? የልጄ ማሽን ዋሸ ብዬ? ኡቺዮ 'ለዘመዱ አዳላ' እንዲል?"
ጉቶ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ቀና ብለው አዩኝ።
"ዛፎቹ ታመው ነበር፣ አይደል?"
አዎ ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት።
"አይመስለኝም። ያልተረጨ ያልኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የኔ ነው።"
የእጃቸውን ብናኝ አራገፉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ለማንም እንዳትተነፍስ። ባሩ ውስጥ ማሽኑ ተሳስቶ አያውቅም ብያቸዋለሁ" አሉ።
"ማስጠንቀቂያው ለጎረቤትዎም ደርሷል። ለአዶሎራታ። ባሏ የተከለውን ሁሉ ሊቆርጡባት ነው።"
"እኔንስ? በስተርጅና መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?"
ራት ብላ እንኳን አላሉኝም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
ለግብርና ቢሮው ጻፍኩ። ሕጉ ስህተት ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቆረጣው ይቁም። ዶናታ ጮኸችብኝ።
"አብደሃል? ጥናታችን ሊታተም ሳምንት ሲቀረው?"
የአጎቴን ነገርኳት። ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። "የኔንም ስም ጨምርበት" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13
ቆረጣው ቆመ። አዶሎራታ ደውላ አለቀሰች፣ መረቀችኝ። ባሩ ውስጥ ምን እንደተባለ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም... ኡቺዮን አውቀው የለ?
አጎቴ ስልክ አያነሱም። ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ይጠራል።
ደረቴን ያመኛል። እማዬን የቀበርን ዕለት ያላመመኝ ሁሉ አሁን መጣ። ቢሮ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።
እሑድ እሄዳለሁ። በሩን ባይከፍቱልኝም ደጁ ላይ እቀመጣለሁ።